ውሃ የነካው ቅጠል

ማን ሉዎ መንደር
የነብር ዓመት፣ ዘጠነኛ ወር፣ 6ኛ ቀን

ለጋሼ ዱዋን ቼንግሊ

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ የማይለቅህ ሳልስ? እኛ ደህና ነን። መልሴ የዘገየው ዝናቡ መንገዱን ሦስት ቦታ ቆርጦት ሾፌሩ ፌይ ሁለት ወር ሙሉ ወደ ተራራው ስላልወጣ ነው። አኩርፋ ነው ብለህ ከሆነም አልተሳሳትክም፤ ትንሽ አኩርፌ ነበር።

ስለ ልጅህ ለጠየቅከው፣ ዩ ቦ ትበላለች። ሩዟን በኮመጠጠ የቀርከሃ ቡቃያ ጥርግ አድርጋ ነው የምትበላው። ቁመቷ ትከሻዬ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ትምህርት ቤት አባቶቻችሁን ሳሉ ቢሏቸው በአካፋ የጭቃ ጉብታ የሚገለብጥ ሰው ስላ መጣች። የክምር ቤት ሥራህ የገባት እንዲህ ነው። አልፈርድባትም፣ እኔም ከዚህ የተለየ አልገባኝም። ደህናውን ጥሬ ሻይ ውሃ አርከፍክፎ ማሻገት ሙያ ከሆነ እኔም ባለሙያ ነኝ፤ ባለፈው ክረምት ስንት ቅርጫት ዝናብ ላይ ረስቼ አሻግቻለሁ!

ድምፁን ግለጪልኝ ብለሃል። የእግር ድምፅ ነው። በጨለማ እንዳይመስልህ፤ በቀትር ነው፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ቅጠል ከምናሰጣበት ቆጥ ላይ። ዩ ኢንግ ቀኝ እግሯን ትንሽ ጎተት ታደርግ የለ? እሱ ነው። ልጅቷ ቀና ትልና "እማዬ ቅጠል እየገለበጠች ነው" ትለኛለች፣ ሩዟን ማላመጧን እንኳ ሳታቆም። ከዚያ ከጣሪያው ጋር ወሬ ትጀምራለች። እናቷ ከሞተች ሁለት ዓመት ተኩል ሆናት እኮ! እኔ ምን ልበላት? የሰማሁትን አልሰማሁም ልበል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ያቺን ቀርከሃ መልስልን። ዩ ኢንግ ያረፈች ሰሞን ከምድጃው በላይ ካለው ወራጅ አውርጄ በእጅህ የሰጠሁህን፣ በዚያ ፀደይ ከነፍስ ዛፋችን የተለቀመው ቅጠል ያለበትን።

አንተ የሜዳ ሰው ነህና ደግሜ ልንገርህ፣ አትሰልች። በእኛ ዘንድ በፀደይ የመጀመሪያው ጠዋት እያንዳንዷ ሴት ከነፍስ ዛፉ አንድ እፍኝ ለራሷ ትለቅማለች። ቆልታ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ ጥሬውን ቀርከሃ ውስጥ ትከተዋለች። በሚቀጥለው አዲስ ዓመት ራሷ አፍልታ ትጠጣዋለች። እስክትጠጣው ድረስ ያ ቅጠል እሷ ነው። ሳትጠጣው ከሞተች ደግሞ በሦስተኛው አዲስ ዓመት ይፈላና ከዛፉ ሥር ይፈስላታል፤ ጠጥታ ትሄዳለች። እስከዚያ መሄጃ የላትም። እስከዚያም አንዲት ጠብታ ውሃ ሊነካው አይገባም።

ሦስተኛው አዲስ ዓመት፣ ማለቴ በሦስተኛው ወር ውሃ የምንራጭበት የእኛው፣ ሊደርስ የቀረው ስድስት ወር ነው። አፈር ስሆን ጋሼ፣ በፌይ እጅ ላካት። እህቴ እንድታርፍ እፈልጋለሁ። ልጅህም ከጣሪያ ጋር ማውራቷን እንድትተው እፈልጋለሁ።

ካንላ

—

ሜንግሃይ ከተማ
የነብር ዓመት፣ ዘጠነኛ ወር፣ 25ኛ ቀን

ለእህቴ ካንላ

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ሳሌ ደህና ነው፣ መጥቶ ይሄዳል። ስድብሽም በደህና ደርሷል፤ ለሥራ ባልደረቦቼ ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ኃላፊያችን ወይዘሮ ቂን "ይህቺን ሴትዮ አምጣልኝ፣ አካፋ እሰጣታለሁ" ብላለች።

ማሻገት ሙያ ከሆነ ላልሽው፣ ሙያው ውሃና ትዕግሥት ነው። ጥሬውን ቅጠል እስከ ደረት እንከምረዋለን፣ ውሃ እንረጭበታለን፣ በእርጥብ ጆንያ እንሸፍነዋለን። በሦስተኛው ቀን ከውስጥ መሞቅ ይጀምራል። እሳት የለም፣ ምንም የለም፣ ከራሱ ነው የሚሞቀው። በየሳምንቱ ጆንያውን ገፈን እንገለብጠዋለን፤ እንፋሎቱ ሲወጣ ጎንሽ ያለውን ሰው አታዪውም። ሙቀቱን የምንለካው በእጃችን ነው። እጅ ገብቶ አሥር እስኪቆጠር ከቻለ ደህና ነው፣ ካልቻለ ክምሩ ሊቃጠል ነው ማለት ነው።

ደህናውን ጥሬ ማለትሽም የእኛው ከእሱ በምን ይሻላል ማለትሽ ነው። ይሻላል አላልኩም። ጥሬው ሲቀዳ ቢጫ ነው፣ ምላስ ይቆነጥጣል፣ ጣፋጩ ከዋጥሽው በኋላ ነው ከጉሮሮሽ የሚመለሰው። ባዶ ሆድ ላይ ከጠጣሽው ግን ጉልበትሽን ያርበተብተዋል። በክምር የበሰለው ግን ጠቁሮ ይወርዳል፣ ለስላሳ ነው፣ ሽማግሌም በሽተኛም ይጠጣዋል፣ ሆድ አይነካም። ጥሬውን ደረቅ ቦታ ሃያ ዓመት ብታቆዪው ወደዚህ ይጠጋል፤ ግን ሃያ ዓመት ማን አለው? እኛ በአርባ አምስት ቀን እናደርሰዋለን። አንድ ነገር ብቻ አምንልሻለሁ። ጥሬው ከዓመት ዓመት ሲለወጥ ይኖራል፤ የበሰለው ግን የሚለወጠውን ያህል ተለውጦ ጨርሷል። ትንሽ ልኬልሻለሁ፣ ቀምሰሽ ስደቢኝ።

ስለ ቀርከሃዋ አታስቢ። ቅጠሉ ሞቅ ያለ ቦታ ነው ያለው፣ ማንም አይነካውም። መንገዱ ሲደርቅ እንነጋገራለን።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዩ ኢንግ ቆጡ ላይ ስትራመድ የደከማት ትመስላለች ወይስ የቸኮለች? ደንግጬ እንዳይመስልሽ። ማወቅ ስለፈለግሁ ብቻ ነው።

ቼንግሊ

—

ማን ሉዎ
የነብር ዓመት፣ አሥረኛ ወር፣ 22ኛ ቀን

ለጋሼ ቼንግሊ

ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ተኝቼ ነው የምጽፈው። መጀመሪያ እንደምን አለህ ማለት ነበረብኝ፤ እንደምን አለህ?

ለጥያቄህ፣ ድሮ የደከማት ነበር የምትመስለው። አሁን ትሮጣለች። ከቆጡ አንዱ ጫፍ እስከ ሌላው፣ ከዚያ መለስ፣ ከዚያ ደግሞ መለስ። ዩ ቦ "እማዬ ምን ሆነች?" አለችኝ። እኔም አላውቅም አልኳት፤ እውነቴን ነው።

ታመምሽ ወይ ብለህ በሰው አፍ ላስጠየቅከኝ፣ ማን ነገረህ? ፌይ ነው አይደል? አፉ አይያዝ! አዎ፣ ትኩሳት ነው። ከዘጠነኛው ወር አጋማሽ ጀምሮ አልለቀቀኝም። ደረቴ ውስጥ ነው የሚጀምረው፣ ላዩ ቀዝቃዛ ነው። ላቤ ያለማቋረጥ ይወርዳል፣ ልብሴን በቀን ሦስቴ እቀይራለሁ። የሚገርመው ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ቀን አለ፤ በዚያ ቀን አጥንቴን ሁሉ አንስተው የገለበጡኝ ይመስለኛል። ከዚያ ትንሽ ይበርድልኛል፣ ደግሞ ይነሳል። የመቅደሱ መነኩሴ እጄ ላይ ነጭ ክር አሰሩልኝ። ሁለት ቀን ሳይሞላው ክሩ ጠቆረ።

የላክኸውን ጠጣሁት። አሥራ አምስት ቅል ያህል ስድብ አዘጋጅቼ ነበር፣ ግን ምን እላለሁ? ለስላሳ ነው። የዝናብ ሽታ አለው፣ የጓዳ ሽታ አለው። ሆዴን አልነካኝም። ሰው ሲጠጣው ግን አያወራም፤ አስተውለሃል? በጥሬው ጊዜ ቤቱ ሁሉ ይንጫጫል፣ አንዱ መረረኝ ይላል፣ ሌላው ጣፈጠኝ ይላል፣ እንጣላለን። ያንተን የቀዳሁላቸው ጎረቤቶች ዝም ብለው ጠጥተው፣ ዝም ብለው ሄዱ።

አሁን ልጠይቅህና እንደ ልማድህ ነገር አታዙርብኝ። ሞቅ ያለ ቦታ ማለት የት ነው? ምድጃ አጠገብ ከሆነ ምድጃ አጠገብ በለኝ። ኪስህ ውስጥ ከሆነ ኪሴ በለኝ። በክምር ቤት ሞቅ ያለ ቦታ አንድ ብቻ መሆኑን አንተው ነህ የጻፍክልኝ። በሞቴ፣ ውሃ ነክቶታል?

ካንላ

—

ሜንግሃይ
የነብር ዓመት፣ አሥራ አንደኛ ወር፣ 24ኛ ቀን

እህቴ ካንላ

በሞቴ ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ አልዋሽሽም። ነክቶታል።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አልፎታል። አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀደድኩት። ይቅርታሽን ለመለመን ተገቢው ቃል የትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ስለዚህ የሆነውን እንዳለ ልንገርሽ።

በዘጠነኛው ወር በ12ኛው ቀን ነው። የነገርሽኝ ደብዳቤ እጄ ላይ ነበር፤ በቀትር እንደምትራመድ፣ ልጄ ከጣሪያ ጋር እንደምታወራ። አላስቻለኝም። ስድስት ወር ሙሉ እንዲህ ልትንከራተት? ለካ ሁለት ዓመት ተኩልም ተንከራትታለች! ካንላ፣ እኔ የሃያውን ዓመት በአርባ አምስት ቀን የማደርስ ሰው ነኝ። ሌላ የማውቀው ሙያ የለኝም። እናንተ የሦስተኛውን ዓመት የምትጠብቁት ቅጠሉ እስኪደርስ ነው ብዬ አሰብኩ። ካደረስኩት መጠበቁ ያበቃል፣ ቀድማ ታርፋለች አልኩ። ሚስቴን ማሳረፍ ነበር የፈለግሁት። ውሃ አይንካው ያልሽውን አንብቤ፣ አስቤ ነው ያጠፋሁት፤ ሳላስብ ቢሆን ይሻል ነበር።

እፍኟን ነጭ የጥጥ ከረጢት ውስጥ ሰፍቼ አዲስ ክምር መሃል ቀበርኩት። ያኔ ሞቅ ያለ ቦታ ብዬ ስጽፍልሽ አንዴ ከክምሩ ጋር ተገልብጣ አሥራ ሦስተኛ ቀኗን ይዛ ነበር፤ አልዋሸሁሽም፣ ግን አልነገርኩሽም። ከረጢቱ ያለበት ቦታ እንደ ሌላው አልነበረም። ሌላው ሙቀት እጅ ያቃጥላል። እዚያ ግን እጄን ሳስገባ የሰው ብብት ይመስል ነበር። አንዴ ከውስጥ ሰው የሳቀ መሰለኝ። ወይዘሮ ቂንን "እስኪ እዚህ አዳምጪ" ብላት ግንባሬን ዳሰሰችና ሂድ ተኛ አለችኝ።

በአርባ አምስተኛው ቀን ክምሩ ሲበተን ከረጢቱ የለም። ጥጡ በሙቀቱ ተበልቶ ክር ብቻ ቀረ። ቅጠሉ ከአሥር ቶን ጋር ተደባለቀ። ሦስት ቀን በጉልበቴ ተንበርክኬ ለቀምኩ፣ ምን ብዬ ልለየው? ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ሆኗል። ከዚያ በእንፋሎት ለሰለሰ፣ በድንጋይ ተጨፍልቆ ጥፍጥፍ ሆነ፣ ተጫነ። የባሕር ዳርቻ ከተሞች ውስጥ ማንን እንደሚጠጣ የማያውቅ፣ እኔም የማላውቀው ሰው አሁን እየጠጣው ይሆናል።

አንድ ጥፍጥፍ አስቀርቼ ልኬልሻለሁ። ከረጢቱ ከነበረበት አካባቢ የተነሳ ነው። ለዛፉ ይበቃ ይሆን? ሽማግሌዎቹን ጠይቂልኝ። ልጄ አሁንም ትሰማለች? ትኩሳትሽስ ለቀቀሽ?

ጥፋተኛው ቼንግሊ

—

ማን ሉዎ
የነብር ዓመት፣ አሥራ ሁለተኛ ወር፣ 3ኛ ቀን

ቼንግሊ

ይህን ደብዳቤ ለፌይ አልሰጠውም። ጽፌ ሳጥን ውስጥ እቆልፍበታለሁ። ስለዚህ ጋሼ አልልህም፣ ደግሞም አልፈራህም።

ትኩሳቱ ለቀቀኝ። የለቀቀኝ ቀን የምን ቀን እንደነበረ ላንተው ደብዳቤ ምስጋና ይግባውና አሁን ገባኝ፤ ክምርህ የተበተነ ቀን ነው።

ያ ቅጠል የዩ ኢንግ አልነበረም። የእኔ ነው። በዚያ ፀደይ እህቴ ከአልጋዋ አልተነሳችም፤ አንተ ሜንግሃይ ነበርክ፣ አላየህም። ዩ ቦን ቅርጫት አስይዤ እኔ ወጣሁ፣ እኔ ለቀምኩ፣ አንድ እፍኝ፣ ለራሴ። የዩ ኢንግ የመጨረሻ ቅጠል የቀደመው ዓመት ነው። በአዲስ ዓመት ላፈላላት ብል ውሃ እንኳ መዋጥ አቅቷት ሳላፈላው ቀረሁ። እሱ አሁንም ወራጁ ላይ ተንጠልጥሎ አለ፣ ደረቅ፣ ጥሬ፣ አንድ ጠብታ ያልነካው። እሷን ለመሸኘት የጎደለ ነገር የለም። ሽማግሌ መጠየቅ አያስፈልግም።

ታዲያ ለምን የእኔን ሰጠሁህ? ከቀብር ስትመለስ በሩ ላይ ቆመህ ሁለት እጅህን ዘርግተህ "የእሷ የታለ?" አልከኝ። የዩ ኢንግን ቀርከሃ ልነካ ነበር። እጄ ወደ እኔው ሄደ። ከእኔ የሆነ ነገር ይዘህ እንድትወርድ ፈለግሁ፣ ደረትህ ላይ፣ በስሜ ባይሆንም በእሷ ስም። እወድህ ነበር። እህቴ በሕይወት እያለችም እወድህ ነበር፤ ይኸው ወጣልኝ! በሚቀጥለው ዓመት እጠይቀዋለሁ፣ ይመልስልኛል፣ ጠጥቼው ዝም እላለሁ ብዬ ነበር። አፍሬ ዓመት አለፈ። ደግሞ ዓመት አለፈ። መልስልን ብዬ የለመንኩህ ለእሷ አልነበረም፣ ለእኔ ነበር።

አንተ ደግሞ ጠንቃቃ ሰው ነህ፤ ወስደህ ዓመቴን ሁሉ በአርባ አምስት ቀን አደረስክልኝ።

ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ፀጉሬ እስከ ሥሩ ነጭ ሆኗል። አራት ጥርሴ ረግፏል፣ ጀርባዬ አልቀናም ይላል፣ እጄ ቆዳው ጠቁሮ ተጨማዷል። ያቺ የጎረቤታችን የሽማግሌው አዲስ ምራት፣ ባለፈው ወር ከታችኛው መንደር ያመጧት፣ ውሃ ይዤ ስወጣ ሮጣ መጥታ "እማማ፣ ልሸከምልዎ" አለችኝ። እማማ! ልሸከምልዎ! እንስራውን ሰጥቻት መንገዱ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። የመንደሩ ሰው ፊቴን እያየ አያወራም። ዩ ቦ ብቻ ናት ምንም ያልተለወጠ ይመስል አንገቴ ላይ የምትጠመጠመው።

የላክኸውን ጥፍጥፍ ጠጥቼ ጨረስኩት። ከጠጣሁት እመለሳለሁ ብዬ። ቀንና ሌሊት ፈረፈርኩ፣ አፈላሁ፣ ጠጣሁ። ጠቁሮ ይወርዳል፣ ለስላሳ ነው፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆነጠጠኝም። እስኪቆነጥጠኝ ጠበቅሁ፣ አልቆነጠጠኝም። እኔን የመሰለ ነገር አላገኘሁበትም።

ዩ ኢንግ ዛሬ በቀትር ቆጡ ላይ አልሮጠችም። ከበላዬ መጥታ ቆመች፤ እንጨቱ ሲንቋቋ ሰማሁት። ለምን ስትሮጥ እንደከረመች ያን ጊዜ ገባኝ፤ ልታስጠነቅቀኝ ነበር። እህቴ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። ስለ ባልሽም፣ ስለ ስምሽም። ብዙ ቆማ ሄደች።

እጠላህ ዘንድ ሞክሬ ነበር፣ ቼንግሊ። አልሆነልኝም።

—

ማን ሉዎ
የነብር ዓመት፣ አሥራ ሁለተኛ ወር፣ 4ኛ ቀን

ለጋሼ ዱዋን ቼንግሊ

እንደምን አለህ? ደብዳቤህም ጥፍጥፉም ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። ሽማግሌዎቹን ጠየቅሁ፤ የቀደመው ዓመት የዩ ኢንግ ቅጠል ስላለን እሱ ይበቃል ብለዋል። ስለዚህ አትጨነቅ፣ ራስህንም አትርገም። ልብህን አውቃለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ።

ትኩሳቴ ለቆኛል።

አንድ ነገር ብቻ። ከአዲስ ዓመት በኋላ ዩ ቦ ካንተ ጋር ትኑር። አድጋለች፣ የከተማው ትምህርት ቤት ይሻላታል፣ አባቷም ያስፈልጋታል። ፌይ ያወርዳታል። አንተ ግን አትውጣ፣ መንገዱ ለሳልህ አይመችም። ደህና ሁንልኝ።

ካንላ

—

ሜንግሃይ
የጥንቸል ዓመት፣ ሦስተኛ ወር፣ 22ኛ ቀን

ለካንላ

አትውጣ ብለሽኝ ወጣሁ። አውቃለሁ፣ ይቅርታ። ይቅር ብዬሃለሁ የሚል ደብዳቤሽን መቶ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አንዲት ስድብ የለበትም። ከዚያ ወዲያ ተቀምጬ መጠበቅ አልሆነልኝም።

አላገኘሁሽም። የአዲስ ዓመቱ ሰሞን ነበርና ልጆቹ ሁሉ መቅደሱ ግቢ የአሸዋ ጉብታ እየሠሩ ውሃ ይራጩ ነበር፣ ዩ ቦም እዚያው ነበረች። ወደ ቤት ስገባ አንዲት አሮጊት ምድጃው ጋ ተቀምጠዋል። "እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ካንላ የለችም?" አልኳቸው። ቀና ብለው አይተውኝ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳቡ። ከዚያ "ማሳ ወጥታለች" አሉኝ። የካንላ ምን ነዎት ስላቸው ከላይኛው መንደር የመጣሁ ዘመድ ነኝ አሉ። እንዲህ ያለች ዘመድ እንዳለችሽ ነግረሽኝ አታውቂም።

ጥሬ ሻይ ቀዱልኝ። "የጭቃ ውሃ ስትጠጣ ምላስህ ደንዝዟል፣ ይህን ቅመስ" አሉኝ። ሳቄ መጣ። "እርስዎም እንደ ካንላ ነው የሚሳደቡት" አልኳቸው፤ እሳቸውም ሳቁ፣ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው። ሻዩ ቆነጠጠኝ፣ ከዚያ ጣፈጠኝ። ሦስት ስኒ ቀዱልኝ።

"ምን ልትላት ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣኸው?" ብለው ጠየቁኝ። ለማላውቃቸው ሴት ለምን እንደነገርኳቸው አላውቅም፣ ሳልነግርሽ ለእሳቸው ነገርኳቸው። እግሯ ላይ ልወድቅ ነው አልኩ። ከዚያ ደግሞ ሦስተኛው ዓመት አልፏል፣ እህቷም በደህና ሄዳለች፣ እሺ ካለችኝ ልጅቷን አብረን እናሳድግ፣ ታግባኝ ልላት ነው አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስድቧን ስጠብቅ እንደኖርኩ ነገርኳቸው። አሮጊቷ እንጨቱን ቆሰቆሱ። እሳቱ ደህና ይነድ ነበር፣ ግን ቆሰቆሱት፣ ደግመው ቆሰቆሱት። በመጨረሻ "አትጠብቃት፣ ዛሬ አትመጣም" አሉኝ።

ማሳ ወጣሁ። እየተጣራሁ እስከ ላይኛው ጫፍ ሄድኩ። የነፍስ ዛፉ ሥር አፈሩ ርሶ የፈላ ቅጠል ፈስሶበት አየሁ፤ የዩ ኢንግን እንደሸኘሻት ገባኝ፣ ተንበርክኬ አለቀስኩ። አንቺ ግን የለሽም። ስመለስ አሮጊቷም የሉም። የልጅቷ ልብስ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ፣ በጨርቅ ታስሮ በሩ ላይ ተቀምጧል።

ዩ ቦ መኪናው ላይ ድልድዩን እስክናልፍ የታሰረ ልብሷን አቅፋ ወደ ኋላ ታይ ነበር። ከዚያ "አባዬ፣ አክስቴን ለምን እማማ አልካት?" አለችኝ። መንገድ ላይ ከመቅደስ ስትመጣ በመስኮት አይታናለች። አሮጊት ላይ አትቀልጂ ብዬ ተቆጣኋት። አልቀለድኩም አለች። ተቆጣኋት ደግሜ። ያን ጊዜ እያለቀሰች ሌላ ነገር ነገረችኝ፤ በዚያ ፀደይ እናቷ ከአልጋ አልተነሳችም፣ የለቀመችው አክስቴ ናት፣ ቅርጫቱን የያዝኩት እኔ ነኝ አለችኝ።

ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። የስድስት ዓመት ልጅ ምን ታስታውሳለች? ቀኑን ከቀን ቀላቅላ ይሆናል። ፌይንም ጠየቅሁት፤ መሪውን ይዞ ወደፊት እያየ "እኔ ጭነት ነው የማመላልሰው" አለኝ።

ዩ ቦ እዚህ ከመጣች ወዲህ በቀትር ቀና አትልም። እናቷ አርፋለች። አሁን የምታለቅሰው ላንቺ ነው።

ካንላ፣ እኔ ሃያ ዓመት ቅጠል የገለበጥኩ ሰው ነኝ። ጨርሶ የደረሰ ቅጠል ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ስኒውን ያቀበለችኝን እጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ማሰብ የማልፈልገውን እያሰብኩ ነው።

አንድ መስመር ጻፊልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። ማሳ ነበርኩ በይኝ። ስትጣራ ሰምቼ ከዛፍ ኋላ ተደበቅሁ፣ ላይህ ስላልፈለግሁ ነው በይኝ። ማሳ ነበርኩ በይኝ ካንላ፣ አምንሻለሁ።

ቼንግሊ